ሃያ ሦስት ክብ

ማርች 4፣ ሰኞ

ዝናብ። የቢሮው ማሞቂያ ዛሬም አልሠራም። ቁርስ ቆሜ በላሁ… በሰሊጥ የተለወሰ ኑድል፣ ያውም ቀዝቅዞ።

ጃንጥላዬን ሳላጥፍ አለቃዬ ቢየን ጠራኝ። «እህት ኩዋንግ፣ እድለኛ ነሽ!» አለኝ። የማስታወቂያ ክፍል ዳይሬክተር ነው፤ አርባ አንድ ዓመቱ። እድለኛ ነሽ ካለ ሥራ መጣ ማለት ነው። የጭነት መኪና ፋብሪካችን በሴፕቴምበር ሃምሳ ዓመት ይሞላዋል። ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ ይታተማል። ከመጽሐፉ ተጨምቆ ደግሞ ድረ ገጽ ላይ የሚወጣ አጭር መግለጫ። ጸሐፊዋ እኔ።

ሠላሳ ሦስት ዓመት ግድግዳ ላይ መፈክር ስጽፍ የኖርኩ ሴት! «ደኅንነት ይቅደም» የሚለውን ሺህ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ታሪክ ግን…? ጡረታዬ ሴፕቴምበር 30 ነው። ምንም ሳልነካካ ልወጣ ነበር።

«ታሪኩ ክቡር ይሁን» አለ ቢየን። ክቡር ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከጠየቁ ስብሰባ ይጠራል።

እራት ላይ ለአባዬ ነገርኩት። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። ባትላሜራ ነበር፤ የመጀመሪያዋን «የብረት ዛፍ» የጭነት መኪና ጋቢና በመዶሻ ቀጥቅጦ የሠራው እሱ ነው። ይስቃል ብዬ ነበር። የመብያ እንጨቶቹን አስቀመጠ።

«ሻንግን ታስገቢዋለሽ?»

«የቱን ሻንግ?»

ሳሉ ያዘው። ሳህኑን ገፍቶ ተነሣ።

ማርች 7፣ ሐሙስ

መዝገብ ቤት ዋልኩ። አቧራ በአፍንጫ በአፍ። ፎቶውን አገኘሁት። ሴፕቴምበር 28፣ 1969። መኪናዋ ቀይ ሐር ተጠምጥሞላት፣ ከኋላ ከበሮ፣ ከፊት አሥራ አንድ ሰው ተሰልፎ። አባዬ ከቀኝ ሁለተኛ ነው። ቀጭን፣ ጆሮው ትልልቅ። ከግራ ሦስተኛው ግን ሰው አይደለም። የአበባ ማሰሮ ነው። በብሩሽ የተሳለ፣ የሰው ቁመት የሚያህል።

ቀረብ ብዬ አየሁ። ማሰሮው ጫማ አድርጓል። ሠዓሊው ሰውየውን ሸፍኖ እግሩን ረስቶታል!

ለቢየን አሳየሁት።

«ይሄ ማነው?»

«አበባ ነው።»

«ጫማ ያደረገ አበባ?»

«እህት ኩዋንግ… ጡረታሽ ስንት ወር ቀረው?»

«ሰባት።»

«ሰባት ወር አበባ ነው ብሎ መኖር ያቅታል?»

አያቅትም። ሌላው ሃምሳ ዓመት ችሎ የለ።

ማርች 19፣ ማክሰኞ

የመጽሐፉ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሃያ ሦስት አባላት። የምጽፈው እኔ ኮሚቴው ውስጥ የለሁም፤ ሻይ ስቀዳ ነበር የሰማሁት። ስብሰባው ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ አጀንዳው አንድ ብቻ። የኮሚቴው ስም ዝርዝር በምን ቅደም ተከተል ይጻፍ? በሥልጣን ከሆነ ሁለቱ ምክትሎች ይጣላሉ። በዕድሜ ከሆነ ዋና ሥራ አስኪያጁ ዌይ አሥራ ስድስተኛ ሊሆኑ ነው። በመጨረሻ እንዲህ ተወሰነ፦ ዌይ መጀመሪያ ይጻፋሉ፤ ከሥር በትንንሽ ፊደል «ዝርዝሩ ቅደም ተከተል የለውም» የሚል ይገባል።

ይህን ለማሰብ ሃያ ሦስት ሰው ያስፈልጋል? ያስፈልጋል። አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ አይጃጃልም።

ኤፕሪል 5፣ ዓርብ

የመቃብር መጥረጊያ ቀን። ወደ እማዬ መቃብር ወጣን። ሣሩን ነቀልን፣ ብርቱካን አስቀመጥን፣ ለሙታን የሚላከውን የወረቀት ገንዘብ አቃጠልን። እንደ ሁልጊዜው።

አባዬ ግን ለመውረድ እምቢ አለ። ትንፋሹ እያጠረው ወደ ኮረብታው ጀርባ ወሰደኝ። ድሮ የፋብሪካው የአሳማ ማደሪያ የነበረበት ቦታ ነው፤ አሁን ቀርከሃ በቅሎበታል። ከኪሱ የደበቀውን ወረቀት አወጣና እዚያ አቃጠለ።

«እዚህ ነው የሞተው» አለኝ።

ከዚያ ነገረኝ። ሁሉንም። ሻንግ ዌንቦ የመጀመሪያዋን መኪና የነደፈው መሐንዲስ ነው። አለቆቹ ለብሔራዊ በዓል «መኪና ሠራን» ብለው ለክፍለ ሀገሩ የምሥራች ሊያደርሱ ቸኩለዋል። ሻንግ ግን «የኋላው አክስል አይችልም፤ ሦስት ወር ስጡኝ» አለ። የምሥራች ሦስት ወር ይጠብቃል? አልጠበቀም። በከበሮ ወጡ። አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ሄዱ። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ አክስሉ ቋ አለ።

ጥፋተኛ ተፈለገ። ቀድሞ ያስጠነቀቀው ሰው ጥፋተኛ ተባለ። ራሱ ካላበላሸው በቀር እንደሚሰበር በምን አወቀ?

ምስክር ደግሞ ያስፈልጋል። ከድሃ ቤት የተወለደ፣ ስሙ ንጹሕ የሆነ ሠራተኛ። «ሻንግ ብሎን ሲያላላ አይቻለሁ» የሚል ወረቀት ተዘጋጀ። አባቴ ፈረመ። አላየም። ምንም አላየም። ሻንግ አሳማ ጠባቂ ተደረገ። አንዱን የብርድ ወቅት ቻለው፤ ሁለተኛው ገደለው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በ1979 «ጥፋት የለበትም» የምትል ቁራጭ ወረቀት ወጣችለት። እሷም መሳቢያ ውስጥ ገባች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። አባቴ የወጋው ነው። እሱም አልረሳም።

ምን ልበለው? ሾርባዬን እፍ እያለ ያሳደገኝ ሰው ነው። ተናደድኩበት። አለቀስኩም። ስንወርድ ግን ክንዱን ያዝኩት፤ መንገዱ ያንሸራትታል።

«ከመሞቴ በፊት ስሙ ይግባ» አለኝ። «የእኔም ከጎኑ። ያደረግኩትም ጭምር።»

ኤፕሪል 6

ምንም አልጻፍኩም።

ኤፕሪል 23፣ ማክሰኞ

ፋብሪካችን ዛሬ በአንድ ስብሰባ ሃያ ዓመት አረጀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ተፎካካሪያችን ስልሳኛ ዓመቱን ሊያከብር ነው የሚል ወሬ መጣ። የዌይ ፊት ጠቆረ። «እኛ ከእነሱ እናንሳለን?» አሉ። ቢየን ተነሣ… እሳት የላሰ ነው። በ1972 ከእኛ ጋር የተቀላቀለ የበቅሎ ጋሪ መጠገኛ ማኅበር ነበር፤ የተቋቋመው በ1951። «ስለዚህ መነሻችን እዚያ ነው!» ጭብጨባ። ግን ስልሳ ስምንት አያምርም። አንዱ ምክትል ደግሞ ከማኅበሩ በፊት፣ በ1949፣ የጋሪ መንኰራኩር ይጠግኑ የነበሩ አያቱ ትዝ አሉት። ሰባ! ከሪፐብሊኩ ምሥረታ እኩል! እዚህ ላይ ቆመው አጨበጨቡ።

ሰው ዕድሜውን ይደብቃል። ፋብሪካ ይበደራል።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በሃምሳው ዓመት ታሪክ 1969 የመጀመሪያው ምዕራፍ ነበር። በሰባው ታሪክ መሐል ላይ የተወሸቀ ነገር ሆነ። ሻንግን የት ላስገባው?

ሜይ 9፣ ሐሙስ

የመዘምራን ልምምድ። ለበዓሉ ሁለት መቶ ሠራተኛ ይዘምራል። ከኋላ ረድፍ ቆሜ አፌን ብቻ ከፈትኩ። ከጎኔ ያለችው የቀለም ክፍል ሴትዮም አፏን ብቻ ነው የምትከፍተው። ማን እንደሚዘምር እንጃ።

ሜይ 14፣ ማክሰኞ

ስለ ሻንግ ሦስት መስመር ጻፍኩ። ሦስት ብቻ፣ ለስለስ አድርጌ። ቢየን በቀይ ሰረዘው። ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጣሁ። በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ እዚያ ስገባ ሁለተኛዬ ነው።

«የእኛ መኪና አክስል ተሰብሮ አያውቅም» አሉ ዌይ።

«በ1969 ግን…»

«ያ ሙከራ ነበር። ሙከራ ላይ የተሰበረ አይቆጠርም።»

«ሰውየውስ?»

ሻያቸውን ፉት አሉ። አፋቸው የገባውን ቅጠል ተፉ። «እህት ኩዋንግ፣ የታሪክ መጽሐፍ የሠርግ ፎቶ ማለት ነው። የሠርግ ፎቶ ላይ ማን ያለቅሳል?»

ሙሽራዋ… አልኩ። በሆዴ።

ጁን 3፣ ሰኞ

አባዬ የፋብሪካው ሆስፒታል ከገባ አምስተኛ ቀኑ። ሳንባው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የማገው የብረት ብናኝ። ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ጠራችኝ። «መጪውን የብርድ ወቅት ማለፉን… እንጃ» አለችኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። ግድግዳው ላይ እኔ ራሴ የጻፍኩት መፈክር ነበር፤ እሱን እያነበብኩ ቆየሁ።

«ገባ?» ይለኛል ባየኝ ቁጥር።

«እየተጻፈ ነው፣ አባዬ።»

ውሸታም። እኔም የዚሁ ፋብሪካ ልጅ ነኝ።

ጁን 27፣ ሐሙስ

ሳቄ አልቆም አለ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ በመሐረብ አፍኜ ሳቅኩ።

ረቂቁ ለሃያ ሦስቱም ተልኮ ነበር፤ ዛሬ ተመለሰ። እኛ ጋ አለቃ አንድን ወረቀት ማንበቡን የሚያሳውቀው በስሙ ዙሪያ ክብ በመሳል ነው። ክብ ካለ ተነቧል፣ ተስማምቷል ማለት ነው። ሃያ ሦስት ስም፣ ሃያ ሦስት ክብ። የአንዱ እንቁላል ይመስላል፤ የዌይ ሙሉ ጨረቃ። እርማትም አለ። ዌይ፦ ፎቷቸው ከቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ፎቶ በሁለት ጣት ይስፋ። አንዱ ምክትል፦ ከማዕረጉ ላይ «ተጠባባቂ» የሚለው ይውጣለት። እያንዳንዱ የራሱ ስም ያለበት ገጽ ላይ ቢጫ ወረቀት ለጥፏል። የቀረው ገጽ ሁሉ እጅ ሳይነካው ተመልሷል።

ገጽ 214ን ገለጥኩ። ክው አልኩ። የ1969 ታሪክ መሐል፣ ከምርት አሃዙ ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «ነጭ ራዲሽ ሁለት። ቶፉ። የአባዬ የሳል ሽሮፕ። የጫማ ማሰሪያ።» የራሴ የገበያ ዝርዝር! ኮምፒውተሩ ላይ ስገለብጥ አብሮ ገብቶ…

ሃያ ሦስት ክብ። ራዲሹን ሃያ ሦስት አለቃ አጽድቆታል። ቢየንማ ሽፋኑ ላይ አስተያየት ጽፏል፦ «ጥልቀት አለው። አሃዞቹ ይጣሩ።»

ጁላይ 2፣ ማክሰኞ

ራዲሽ ካለፈ ሻንግ ለምን አያልፍም?

አምስት ቀን ሙሉ ይህንኑ ሳመላልስ ከረምኩ። ቢያውቁብኝስ? ጡረታዬን ይይዙብኛል። አባዬ የተኛው የፋብሪካው ሆስፒታል ነው… አልጋውን ቢያስለቅቁትስ? ፈራሁ። ከነፍርሃቴ ጻፍኩት። ራዲሹን አወጣሁና አራት ገጽ አስገባሁ፣ ከ214 እስከ 217። አክስሉ፣ ድልድዩ፣ ወረቀቱ፣ አሳማ ማደሪያው። ፎቶውንም ከነማሰሮው። ከሥሩ፦ «ከግራ ሦስተኛው መሐንዲስ ሻንግ ዌንቦ ነው።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ለአባዬ አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።

«‹ተገዶ ፈረመ› ያልሽውን አውጪው።»

«አልተገደድክም?»

«ሻይ ሰጡኝ። ሲጋራ ሰጡኝ። ወንበር ሳቡልኝ… አለቃ ወንበር ስቦልኝ አያውቅም ነበር። ደስ አለኝ። ፈረምኩ።»

አወጣሁት።

ጁላይ 16፣ ማክሰኞ

ሃያ ሦስት ክብ። የታረመው ረቂቅም አለፈ፤ ማተሚያ ቤት ገባ።

ኦገስት 22፣ ሐሙስ

አባዬ ወደ ቤት ተመለሰ። የኦክስጅን ጠርሙሱን እንደ ውሻ እየጎተተ ሳሎኑ ውስጥ ይዞራል።

የድረ ገጹ መግለጫም አለቀ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱን ገጽ ወደ አሥር መስመር አወረድኩት። ቢየን ወደ አምስት። ምክትሎቹ ወደ አንድ። ይኸው፦ «ከ1949 ጀምሮ ምርምርን፣ ምርትን፣ ሽያጭንና አገልግሎትን ያቀናጀ ዘመናዊ ግዙፍ ድርጅት።» በ1949 ምርምር! ማን ነበር የሚመራመረው፣ በቅሎዎቹ?

ሴፕቴምበር 10፣ ማክሰኞ

መጽሐፉ መጣ። በቀይ ሣጥን፣ በወርቅ ፊደል። አንዱ ብቻውን እንደ ጡብ ይከብዳል።

ቢየን ጠረጴዛዬ ላይ ሣጥኑን ከፈተ። ምራቁን ጣቱ ላይ አድርጎ መግለጥ ጀመረ። መቶ… ሁለት መቶ… 210… በቃ አለቀልኝ አልኩ። ጣቱ 214 ላይ ቆመ። ፎቶውን አየ።

«ወረቀቱ ጥሩ ነው» አለ፤ ገጹን በአውራ ጣቱ እያሸ። ከዚያ ወደ 588 ዘለለ። የራሱ ፎቶ ያለው እዚያ ነው። «እዚህ ላይ አልወፈርኩም?»

«ኧረ፣ መብራቱ ነው» አልኩት።

ሴፕቴምበር 28፣ ቅዳሜ

በዓሉ። ዌይ አርባ ደቂቃ ተናገሩ። የሰባ ዓመት ጉዟችን፣ ከበቅሎ ጋሪ እስከ ኤሌክትሪክ መኪና። ለእንግዳው ሁሉ ቀዩ ሣጥን ታደለ። መዝሙሩ ሲጀመር ዝናብ ጣለ፤ እንግዶቹ ሣጥኑን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ሮጡ። ለጃንጥላነት ግን ግሩም መጽሐፍ ነው፤ ጠብ አያደርግም።

ሙሉ ቀን ጠበቅኩ። አንድ ሰው ይጮሃል፣ አንድ ሰው ይጠራኛል ብዬ። ማንም የለም።

ስገባ አባዬ ልብሱን ለብሶ ሳሎን ተቀምጦ ነበር። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ።

«ምን አሉ?»

«ምንም አላሉ።»

«አላነበቡትማ።»

«አላነበቡትም፣ አባዬ። ማንም አያነበውም። አትስጋ።»

ደስ ይለዋል ብዬ ነው እንዲህ ያልኩት። ሞኝ ነኝ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«እንግዲያው አልተነገረማ» አለ። «የሻንግ ሚስት በሕይወት አለች። ሺያንግያንግ ከተማ ነው የምትኖረው። ውሰጂኝ።»

አድራሻዋን በቃሉ ነገረኝ። መንገዱን፣ ሕንጻውን፣ የበሩን ቁጥር። ስንት ዓመት ይዞት ኖሯል?

ሴፕቴምበር 30፣ ሰኞ

ጡረታ ወጣሁ። ምስክር ወረቀትና የሙቅ ውሃ ቴርሞስ። ቢየን በሹክሹክታ ወሬ ነገረኝ፦ ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ አንድ ትልቅ ድርጅት ይጠቀልለናል። የእነሱ መነሻ 1956 ነው፤ ልጅ ከእናቱ ሊበልጥ አይችልምና የእኛ 1949 ይቀራል። መጽሐፉም አብሮ ይቀራል። መጋዘን ይገባል፤ አዲስ ይጻፋል።

«በኮንትራት ብትቆዪልን… እድለኛ ነሽ እኮ!»

«አይ» አልኩት። እንዲህ ቀላል ቃል ነው እንዴ? በሠላሳ ሦስት ዓመት ሞክሬው አላውቅም።

ኦክቶበር 12፣ ቅዳሜ

ሺያንግያንግ ደርሰን ተመለስን። በባቡር፣ በትንሿ የኦክስጅን ጠርሙስ። ሐኪሟን አላስፈቀድንም።

አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለም። «እታች ቆይ፣ እኔ ልጥራት» ስለው ተቆጣኝ። በየደረጃው መታጠፊያ እየተቀመጠ ወጣ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። እኔ ላንኳኳ ስል እጄን ያዘኝና ራሱ አንኳኳ።

አጠር ያሉ አሮጊት ከፈቱ፤ በሽርጥ፣ እጃቸው ላይ ሽንኩርት። የሻንግ ሚስት፣ እትዬ ሩዋን። አባዬ መጽሐፉን በሁለት እጁ ዘረጋ።

«ኩዋንግ ቻንግገን እባላለሁ። እርስዎ ምናልባት…»

«አውቅሃለሁ። ጋቢናውን የቀጠቀጥከው ነህ።»

«የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ያየሁት ነገር አልነበረም።»

«እሱንም አውቃለሁ። ወረቀቱን ያኔውኑ አሳይተውኛል። ፊርማህ ትልቅ ነበር።»

አባዬ ገጽ 214ን ሊገልጥ ሞከረ። ጣቶቹ እምቢ አሉት። እሳቸውም መጽሐፉን አላዩትም፤ የሚያዩት እሱን ነው።

«ሃምሳ ዓመት የጠበቅኩት መጽሐፍ አይደለም» አሉ። «ከእናንተ አንድ ሰው መጥቶ ይህን በር እስኪያንኳኳ ነው። ዘገየህ።»

አባዬ አለቀሰ። በሩ ላይ፣ ቆሞ፣ እንደ ልጅ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ቃሉ አልወጣለትም። እሳቸውም ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። «ግቡ፤ ኑድሉ እየላሸቀብኝ ነው» አሉ። የበሬ ሥጋ ኑድል፣ በርበሬው የሚያቃጥል። መጽሐፉን ጠረጴዛው መሐል አደረጉና ትኩሱን ድስት ላዩ ላይ አሳረፉበት። የወርቁ ፊደል ሲቀልጥ አየሁ።

ስንበላ ወደ እኔ ዞሩ።

«የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር። የፊት ጥርሱ ስለተሰበረ። እሱን ጽፈሻል?»

«አልጻፍኩም። አላወቅኩም።»

«እንግዲያው ጻፊው።»

እሺ አልኳቸው። ባቡር ላይ አባዬ ትከሻዬ ላይ እንደተኛ ደብተሬን አወጣሁ።

መሐንዲስ ሻንግ ዌንቦ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር።